«ሲሚንቶ ጨምሩበት!» ስለ ኮንክሪት ጥንካሬ የሚወራው እውነት ነው ወይስ ተረት?

ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ስለ ኮንክሪት የሚያምነው ነገር አለው። ሶሌታ በሚሞላበት ቀን ባለቤቱ ሚክሰሩ አጠገብ ቆሞ «ሲሚንቶ አትቆጥቡ፣ ጨምሩበት!» ይላል። ፎርማኑ ደግሞ ድብልቁ በፌሮው መሃል አልገባ ሲለው «ውሃ ጨምርበት!» ብሎ ይጣራል። ሁለቱም ለሥራው አስበው ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ትእዛዝ ብዙ ጊዜ ገንዘብ ያባክናል፤ ሁለተኛው ቤቱን ያደክመዋል።

በልዩ ልዩ የኮንክሪት ዓይነቶች ላይ የሚደረገው ምርምር ላለፉት መቶ ዓመታት ደጋግሞ ያሳየን ነገር ቢኖር ኮንክሪት ጠንካራ ወይም ደካማ የሚባለው ከሚሰጠው ሥራ አንጻር መሆኑን ነው። ግድብ ክብደት ይፈልጋል። ረጅም ድልድይ ቅለት ይፈልጋል። ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ግትር መሆን አለበት፤ የባቡር ዋሻ እሳት መቻል አለበት። አንዱን የሚሰጥ ድብልቅ ሌላውን ሊነሳ ይችላል። በየሳይቱና በየቤቱ የሚነገሩትን አባባሎች በዚህ ዓይን ልመርምራቸው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ኮንክሪት የሚጠነክረው ሲደርቅ ነው»

ተረት ነው፤ የሚያስከትለው ጉዳትም ቀላል አይደለም። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ኬሚካዊ ለውጥ ይጀምራል፤ ከለውጡ የሚገኙት ጥቃቅን ውህዶች አሸዋውንና ጠጠሩን አንድ ላይ ያስራሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ውሃ ሲኖር ነው። ኮንክሪት ውሃ ውስጥ ሆኖም ይጠነክራል፤ የድልድይ መሠረት ባሕር ውስጥ መሙላት የሚቻለው ለዚህ ነው። ውሃው በፀሐይና በነፋስ ቀድሞ ካመለጠ ለውጡ መንገድ ላይ ይቆማል፤ የላይኛው ገጽ ይሰነጣጠቃል፣ ሲጠረግም ዱቄት ያወጣል። አዲስ የተሞላን ሶሌታ ጆንያ አልብሶ ቢያንስ ለ7 ቀን ማጠጣት የጥንካሬው ግማሽ ሥራ ነው። የኮንክሪት ጥንካሬ በ28ኛው ቀን የሚለካው ለአሠራር እንዲመች በስምምነት ነው፤ እርጥበት ያገኘ ኮንክሪት ከዚያ በኋላም ለወራት መጠንከሩን አያቆምም።

«ሲሚንቶው በበዛ ቁጥር ኮንክሪቱ ይጠነክራል»

ይህኛው ከሁሉም ይልቅ ሥር የሰደደ ስለሆነ ረዘም አድርጌ አየዋለሁ።

በ1918 ዳፍ አብራምስ የተባለ መሐንዲስ ቺካጎ ውስጥ በሉዊስ ኢንስቲትዩት ብዙ ናሙናዎችን እየሰበረ ያገኘውን ውጤት አሳተመ። ድብልቁ በደንብ እስከተጠቀጠቀ ድረስ ጥንካሬውን በዋናነት የሚወስነው በውሃውና በሲሚንቶው መካከል ያለው ጥምርታ ነው። በከረጢት እናስላው። ባለ 50 ኪሎ ከረጢት በ25 ሊትር ውሃ ቢቦካ ጥምርታው 0.5 ነው። ያው ከረጢት በ35 ሊትር ቢቦካ 0.7 ይሆናል፤ ጥንካሬው በሲሶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወርዳል። ሲሚንቶው ያልተጠቀመበት ውሃ በኋላ ተንኖ ሲወጣ በቦታው ባዶ ቀዳዳ ይተዋል። በዝናብ የራሰ አሸዋ ይዞት የሚመጣው ውሃም ከዚያው ከ25ቱ ሊትር ላይ መታሰብ አለበት፤ ይህን የሚያስብ አነስተኛ ሳይት ግን ብዙ አይደለም። እንግዲህ ሲሚንቶ ተጨምሮ ውሃም አብሮ ከተጨመረ ባለቤቱ ያተረፈው ወጪውን ብቻ ነው።

ሲሚንቶ ሲበዛ ሌላም ዕዳ ይመጣል። ኬሚካዊው ለውጥ ሙቀት ያመነጫል። በቀጭን ሶሌታ ላይ ሙቀቱ ቶሎ ይወጣል፤ በወፍራም ግንባታ ውስጥ ግን ይታፈናል፤ መሃሉ እንደጋለ ላዩ ሲቀዘቅዝ ግንባታው ይሰነጠቃል። በ1930ዎቹ የሁቨርን ግድብ የሠሩት አሜሪካውያን መሐንዲሶች፣ ግድቡ አንድ ወጥ ሆኖ ቢሞላ እስኪቀዘቅዝ ከ100 ዓመት በላይ እንደሚፈጅ አስልተው ነበር። ስለዚህ በየብሎኩ ከፋፍለው ሞሉት፤ በውስጡም ቀዝቃዛ ውሃ የሚያልፍባቸው ቱቦዎች ቀበሩበት።

ይህን ሁሉ ድካም ለማስቀረት ከተደረገው ጥረት የተገኘው በሮለር የሚጠቀጠቅ ኮንክሪት ነው፤ መሐንዲሶች በአጭሩ አርሲሲ ይሉታል። ድብልቁ በጣም ደረቅ ነው፤ ገና ሳይጠነክር ሮለር ይሄድበታል። በገልባጭ ወይም በማጓጓዣ ቀበቶ ይመጣል፣ በዶዘር ይበተናል፣ በሚንቀጠቀጥ ሮለር ይዳመጣል። አንዱ ንብርብር ብዙውን ጊዜ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ1982 አሜሪካ ኦሪገን ውስጥ የተጠናቀቀው የዊሎ ክሪክ ግድብ ሙሉ በሙሉ በዚህ ዘዴ የተሠራ የመጀመሪያው ትልቅ ግድብ ነው። በመሃል አካሉ ለአንድ ሜትር ኩብ የገባው ሲሚንቶና የድንጋይ ከሰል አመድ ተደምሮ 70 ኪሎ አይሞላም። የቤት አርማታ ለዚያው ሜትር ኩብ 300 ኪሎና ከዚያ በላይ ሲሚንቶ ይወስዳል። ግድቡ መጀመሪያ ውሃ ሲይዝ በንብርብሮቹ መሃል ውሃ አሳልፏል፤ ተመራማሪዎችም ዓይናቸውን ወደዚያው መለሱ። የአርሲሲ ደካማ ጎን ንብርብር ከንብርብር የሚገናኝበት መስመር ነው። ስለዚህ የታችኛው ሳይጠነክር የላይኛው እንዲደርስበት፣ ከዘገየም በመሃላቸው የሲሚንቶ ማጣበቂያ እንዲነጠፍ ተደረገ። ጥንካሬውን ያመጣው ሥራው የሚካሄድበት ፍጥነትና ጥንቃቄ ነው።

ይህ ለኢትዮጵያ አንባቢ የሩቅ ወሬ አይደለም። በኦሞ ወንዝ ላይ የቆመው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ፣ 243 ሜትር ከፍታ ያለው፣ አርሲሲ ነው። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ዋና አካልም ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ አርሲሲ ነው፤ ዓባይን የሚያቆመውም በክብደቱ ነው። እንዲህ ያሉ ግድቦች ብዙ ጊዜ ከአንድ ፎቅ ቤት ኮለን ባነሰ ጥንካሬ ይነደፋሉ፤ ጥንካሬያቸውም በ90 ቀን፣ አንዳንዴም በ365 ቀን ይለካል። በሕዝብ መዋጮና በስንት ጥረት የቆመው ትልቁ ግንባታችን የተሠራው ሲሚንቶ በበዛበት ኮንክሪት አለመሆኑ፣ «ጨምሩበት» ለሚል ሁሉ ቢነገር ደስ ይለኛል።

«እንደ ውሃ የሚፈስ ኮንክሪት ደካማ ነው»

ውሃ ተጨምሮበት የቀጠነ ከሆነ እውነት ነው። ጠጠሩ ወደ ታች ይሰምጣል፣ ውሃው ወደ ላይ ይወጣል፣ ፌሮው ሥር ባዶ ቦታ ይቀራል። ነገር ግን ውሃ ሳይጨመርበት የሚፈስ ኮንክሪትም አለ።

በ1980ዎቹ ጃፓን ውስጥ ጥሩ ሙያተኛ እየጠፋ ነበር። ኮንክሪትን በቫይብሬተር በሚገባ የሚጠቀጥቅ ሰው ሲያንስ አዳዲሶቹ ግንባታዎች ዕድሜያቸው እያጠረ መጣ። የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሀጂሜ ኦካሙራ ማንም ሳይነካው በራሱ ክብደት እየፈሰሰ የፎርሙን ጥግ ሁሉ የሚሞላ ኮንክሪት እንዲሠራ ሐሳብ አቀረቡ፤ በ1988 የመጀመሪያው ናሙና ተሳካ። ምስጢሩ ያለው በሁለት ነገር ላይ ነው። ጠጠሩ ይቀነስና የደቀቀ ዱቄት ይጨመራል፤ ከዚያም በሳይት አድሚክስቸር ከሚባሉት ኬሚካሎች ኃይለኛው ዓይነት ይገባበታል። ኬሚካሉ በሲሚንቶ ቅንጣቶች ላይ እየተለጠፈ እርስ በርስ እንዳይጓጎሉ ይለያያቸዋል፤ በጓል ውስጥ ታስሮ የነበረው ውሃ ይለቀቃል፣ ድብልቁም በዚያው ውሃ ይላላል።

በ1998 የተከፈተው የአካሺ ካይክዮ ድልድይ፣ በሁለቱ ዋና ማማዎቹ መካከል 1,991 ሜትር የሚዘረጋው፣ ገመዶቹ የሚታሰሩባቸው ግዙፍ መሠረቶች በዚህ ኮንክሪት ተሞልተዋል። ኮንክሪቱ በቱቦ 200 ሜትር እየተጓዘ ይደርስ ነበር፤ ሁለት ዓመት ተኩል ይወስዳል የተባለውም ሥራ በሁለት ዓመት ተጠናቀቀ።

ፌሮ በተጨናነቀበት የኮለንና የቢም መገናኛ ላይ ውሃ ለመጨመር ለሚገደድ ፎርማን የሚሻለው መልስ ይህ ነው። አድሚክስቸሩ ዋጋ አለው፤ በመጠኑ ካልተለካም ድብልቁን ያበላሻል። ቢሆንም ፎርሙ ሲፈታ ጠጠሩ አግጥጦ የሚታይበትን፣ በሳይት ቋንቋ ሃኒኮምብ የሚባለውን ቀዳዳ በልስን ከመሸፈን በብዙ ይረክሳል።

«ስምንት እጥፍ የጠነከረ ኮንክሪት ካለ ቤታችን ስምንት እጥፍ ይቀጥናል»

ስምንት እጥፍ የጠነከረው ኮንክሪት በእውነት አለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በፈረንሳዩ ቡዊግ ኩባንያ ፒየር ሪቻርድ የመሩት ቡድን ባለ 200 ሜጋፓስካል ኮንክሪት ሠራ፤ ይህ ማለት በአንድ ሴንቲ ሜትር ካሬ ላይ 2 ቶን ያህል ይሸከማል። የተለመደው፣ ሲ-25 የሚባለው ኮንክሪት በዚያችው ቦታ 250 ኪሎ ገደማ ነው የሚችለው።

እንዴት ተሠራ? ጠጠሩን ሙሉ በሙሉ አስወጡት። ትልቁ ቅንጣት ከሚሊ ሜትር በታች እንዲሆን አደረጉ፤ ከዚያ በየመጠኑ እያነሰ የሚሄድ ዱቄት ደረደሩበት። ባቄላ በሞላ ቁና ላይ ስንዴ ቢነሰነስ በመሃሉ ይገባል፤ ከስንዴው በኋላም ለጤፍ ቦታ አይጠፋም። በዚህ ኮንክሪት ውስጥ የጤፉን ቦታ የያዘው ሲሊካ ፊዩም ነው፤ ከሲሊከን ፋብሪካ ጭስ የሚሰበሰብ፣ ከሲሚንቶ ቅንጣት መቶ ጊዜ ገደማ የደቀቀ ዱቄት። ውሃው ከሲሚንቶው 20 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። በዚህ ኮንክሪት ውስጥ ሲሚንቶ በጣም ብዙ መሆኑን መደበቅ አይገባም፤ ግን ውሃው ለሁሉም ስለማይበቃ ከፊሉ ሲሚንቶ ሳይለወጥ እንደ ደቃቅ ጠጠር ሆኖ ይቀራል። ይህ ራሱ የሲሚንቶ ብዛት ብቻውን ጥንካሬ እንደማይሆን ይመሰክራል።

በ1997 ካናዳ ሸርብሩክ ከተማ ውስጥ በማጎግ ወንዝ ላይ በዚህ ኮንክሪት የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ርዝመቱ 60 ሜትር ሲሆን ሰው የሚራመድበት ንጣፍ ውፍረት 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በ2013 ማርሴይ ከተማ የተከፈተው የሜዲትራኒያን ሥልጣኔዎች ሙዚየምም የዛፍ ቅርንጫፍ የሚመስሉ ኮለኖቹና ዳንቴል የመሰለው የውጭ ገጽታው የዚሁ ዓይነት ኮንክሪት ውጤቶች ናቸው።

አሁን ወደ ተረቱ። ጥንካሬ ስምንት እጥፍ ሲያድግ ግትርነቱ፣ ማለትም ሸክም ሲጫንበት ያለመለመጡ፣ ሁለት እጥፍ እንኳ አይሞላም። ሶሌታው ሳይሰበር ሊረግብ ይችላል፤ በሩ አልዘጋ ይላል፣ ሴራሚኩ ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው የዱባዩ ቡርጅ ኸሊፋ መሐንዲሶች ለታችኛዎቹ ፎቆች 80 ሜጋፓስካል ጥንካሬ ብቻ አዝዘው ያልተዉት፤ ኮንክሪቱ በ90 ቀን 43,800 ሜጋፓስካል ግትርነት እንዲኖረውም በሰነዳቸው ላይ ጽፈዋል። በነፋስ የሚወዛወዝን ረጅም ሕንፃ የሚያረጋጋው ሁለተኛው ቁጥር ነው።

መጎተትም ሌላ ነገር ነው። ተራ ኮንክሪት ሲጎትቱት የሚችለው ሲጫኑት ከሚችለው አንድ አሥረኛ ያህሉን ነው፤ ፌሮ የሚገባው ለዚህ ነው። በአዲሱ ኮንክሪት ውስጥ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚረዝሙ ቀጫጭን የብረት ክሮች ይቀላቀላሉ፤ ስንጥቅ ሊከፈት ሲል ይይዙታል። ከዚህ ተነሥቶ «ፋይበር ካለ ፌሮ አያስፈልግም» የሚል ወሬ ይሰማል። በ2006 አሜሪካ አይዋ ውስጥ የተከፈተው የማርስ ሂል ድልድይ መልስ ይሰጣል። በቢሞቹ ውስጥ ፌሮውን ዙሪያውን የሚያስረው ስታፋ አልገባም፤ የስታፋውን ሥራ ክሮቹ ሠርተውታል። ዋናውን መጎተት የተሸከሙት ግን ከታች በኩል ተወጥረው የተቀበሩት የብረት ገመዶች ናቸው። ያለ ፌሮ የተሞላ የቤት ቢም ከዚህ ድልድይ ማስረጃ ሊጠቅስ አይችልም።

«ፑሚስ ለግድግዳ ብሎኬት እንጂ ለመሸከም አይሆንም»

የስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራዎች ፑሚስና ስኮሪያ አትርፈውልናል፤ የብሎኬት አምራቾችም ይጠቀሙባቸዋል። ቅለቱ ከድካም ጋር መታሰሩ ግን ትክክል አይደለም። በ2ኛው ክፍለ ዘመን ሮም ውስጥ የተሠራው የፓንቴዮን ጉልላት 43 ሜትር ስፋት አለው፤ ፌሮ የለውም። ከታች ከባድ ድንጋይ፣ ወደ ላይ ሲሄድ ቀለል ያለ፣ ጫፉ ላይ ፑሚስ ነው የተቀላቀለበት። በ1919 አሜሪካ ውስጥ ሰልማ የተባለች 130 ሜትር ገደማ የምትረዝም የነዳጅ መርከብ በእሳት ከተነፋ ሸክላ ድንጋይ ጋር በተቦካ ቀላል ኮንክሪት ተሠርታ ባሕር ላይ ወጥታለች። ቅርፊቷ ዛሬም በቴክሳስ ጋልቬስተን አጠገብ ውሃ ውስጥ ተቀምጧል። በ1998 ደግሞ ኖርዌይ ውስጥ የስቶልማ ድልድይ 301 ሜትር በአንድ ዝርግ ተሻገረ፤ የመሃሉ 184 ሜትር ቀላል ኮንክሪት ነው። ረጅም ድልድይን በብዛት የሚያስጨንቀው የራሱ ክብደት ስለሆነ፣ ከተራው ኮንክሪት በሜትር ኩብ 400 ኪሎ መቀነስ ትልቅ እፎይታ ነው።

ለመሸከም ሲታሰብ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ፑሚስ ውሃ ይመጥጣል፤ አስቀድሞ ካልራሰ የድብልቁን ውሃ ይቀማል። ግትርነቱም ያንሳል። ለብሎኬት የተገዛን ፑሚስ ያለ ላብራቶሪ ሚክስ ዲዛይን ወስዶ ለኮለን መሙላት አደጋ ነው። አገሪቱ ይህን የመሰለ ጥሬ ዕቃ ይዛ ሶሌታዎቻችን ሁሉ በከባድ ጠጠር መሞላታቸው ግን ሊጠና የሚገባው ነገር ነው፤ የሕንፃ ክብደት ሲቀንስ በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ የሚገፋው ኃይልም አብሮ ይቀንሳልና።

«ኮንክሪት እሳት አይፈራም፤ የጠነከረውማ ጭራሽ»

የመጀመሪያው ግማሽ ለተራ ኮንክሪት በመጠኑ ይሠራል። ሁለተኛው የተገላቢጦሽ ነው። በኅዳር 1996 እንግሊዝንና ፈረንሳይን በሚያገናኘው የባሕር ሥር ዋሻ ውስጥ የጭነት መኪኖች የጫነ ባቡር ተቃጠለ፤ የዋሻው ጠንካራ የኮንክሪት ሽፋንም እየፈነዳ ረግፎ በቦታ በቦታው እጅግ ሳሳ። ምክንያቱ የጥንካሬው ምንጭ የነበረው ጥቅጥቅነት ነው። በውስጡ የቀረው እርጥበት ሲፈላ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል፤ ግፊቱ ገጹን ይፈነቅለዋል። መፍትሔው ርካሽ ሆኖ ተገኘ። በሜትር ኩብ 2 ኪሎ ያህል የፖሊፕሮፒሊን ክር ይቀላቀላል፤ ክሩ ከ160 እስከ 170 ዲግሪ ሴልሲየስ ባለው ሙቀት ይቀልጥና ለእንፋሎቱ ቀጭን መውጫ ይከፍትለታል።

«የሮማውያን ኮንክሪት ከዛሬው ይበልጣል»

ግማሽ እውነት ነው። ተጭነው ቢሰብሩት ከዛሬው ደህና ኮንክሪት በጣም ያነሰ ሸክም ይችላል። በዕድሜ ግን ያስቀናል። የዩታ ዩኒቨርሲቲዋ ማሪ ጃክሰንና ባልደረቦቿ በ2017 እንዳሳተሙት፣ በሮማውያን የወደብ ግንቦች ውስጥ የባሕር ውሃ በኮንክሪቱ ውስጥ ካለው የእሳተ ገሞራ አመድ ጋር እየተዋሐደ አዳዲስ ማዕድናት ሲያበቅል ቆይቷል። በ2023 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋሙ አድሚር ማሲች ቡድን ደግሞ በሮማውያን ኮንክሪት ውስጥ የሚታዩት ነጫጭ የኖራ ጓሎች ስንጥቅ ውስጥ በሚገባ ውሃ እየሟሙ ስንጥቁን መልሰው እንደሚደፍኑት አሳየ፤ በዚያው ዘዴ የሠሩት ናሙናም ስንጥቁን በሁለት ሳምንት ዘጋ። ይሁን እንጂ የሮማውያኑ ግንብ ፌሮ አልነበረውም። የእኛን አርማታ ከውስጥ የሚበላው የፌሮ ዝገት እነሱን አላገኛቸውም፤ እነሱም በፌሮ የሚዘረጋ ሶሌታ አልሠሩም። ንጽጽሩ ይህን ከዘለለ ፍርዱ ይጣመማል።

«ፕላኑ ላይ ያለው 25 ሁሉ አንድ ነው»

ይህ ተረት የሚኖረው በወረቀት ላይ ነው፤ መዘዙ ግን ኮለን ውስጥ ይገባል። በ1995ቱ የኢትዮጵያ የሕንፃ ደንብ ሲ-25 ሲባል ቁጥሩ የኩብ ናሙና ጥንካሬ ነው። ጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩብ 57 ቶን ገደማ መሸከም አለበት ማለት ነው። ከ2015 ወዲህ ባለው፣ የአውሮፓን ደንብ በተከተለው አጻጻፍ ግን ሁለት ቁጥር አለ። የመጀመሪያው የሲሊንደር፣ ሁለተኛው የኩብ ነው። አሮጌው ሲ-25 በአዲሱ ሲ20/25 ነው። ፕላኑ ላይ ሲ25/30 ተጽፎ ሳይቱ በለመደው ሲ-25 ከሞላው፣ ኮንክሪቱ ከታሰበው በ5 ሜጋፓስካል አንሶ ቆሟል፤ ማንም ሰው ሆን ብሎ ሳይሰርቅ።

የኩቡ ውጤት ራሱም የሚናገረው ስለ ድብልቁ ነው። ኩቡ በላብራቶሪ ገንዳ ውስጥ 28 ቀን ውሃ ጠጥቶ ሲሰበር፣ ኮለኑ ግን ውጭ ፀሐይ ላይ ነበር። ጥርጣሬ ካለ ከኮለኑ ላይ ሲሊንደር በማሽን ተቦርቡሮ ይወጣና ይሰበራል። በአሜሪካው የኮንክሪት ደንብ መሠረት የሦስት እንዲህ ያሉ ናሙናዎች አማካይ በዲዛይኑ ከተጠየቀው ጥንካሬ 85 በመቶ ከደረሰና አንዱም ከ75 በመቶ ካልወረደ ኮንክሪቱ ተቀባይነት ያገኛል። ከዚያ በታች ከሆነ ኮለኑ መደገፍ ወይም መፍረስ እንዳለበት የሚወስነው ስሌቱን የሠራው መሐንዲስ ነው፤ ልስኑና ቀለሙም እስከዚያ መቆየት አለባቸው።